«ሪፈረንስ ብቻ ነው የቀረኝ» ለምትሉ፦ የጥናት ምንጭ አፈላለግና አጠቃቀም

ተማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ነገር አንድ ነው፤ «ምንጭ ከየት ላምጣ?» ጥያቄው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ማስረከቢያው ሲደርስ ነው። «ጽሑፉን ጨርሻለሁ፣ ሪፈረንስ ብቻ ነው የቀረኝ» የሚል ማብራሪያም አይጠፋውም። ሪፈረንስ ብቻ የቀረው ጽሑፍ ግን የለም። አስቀድሞ ለተጻፈ ሐሳብ ደጋፊ እየተፈለገለት ከሆነ ጥናቱ ገና አልተጀመረም ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ሰው በተናጠል ከምመልስ ሥራውን ከጥያቄ አወጣጥ እስከ ዋቢ ዝርዝር በቅደም ተከተል አስቀምጬዋለሁ። ለአሳይመንትም ለመመረቂያ ጽሑፍም ይሆናል። የሚለያየው የምንጩ ብዛት ነው።

ነገሩ አየር ላይ እንዳይቀር አንድ ርዕስ ይዘን እስከ መጨረሻው እንሄዳለን፦ በትምህርት ቤት ስልክ መከልከል። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• የመምህራችሁ ወይም የአማካሪያችሁ መመሪያ። ስንት ምንጭ? ምን ዓይነት? በየትኛው የአጠቃቀስ ስልት? ኤፒኤ፣ ኤምኤልኤ ወይስ ቺካጎ? ካልተነገራችሁ አሁኑኑ ጠይቁ። መጨረሻ ላይ ስልት መቀየር ራስ ምታት ነው።
• የላይብረሪ መታወቂያ፣ ከተቋማችሁ የተሰጣችሁ ኢሜይል ካለም እሱ። ለብቻችሁ ስትሞክሩ ክፍያ የሚጠይቁ ብዙ ጆርናሎች (የጥናት መጽሔቶች) በተቋም በኩል ይከፈታሉ።
• ኮምፒውተርና ኢንተርኔት። ስልክም ይሠራል። ረጅም ፒዲኤፍ በስልክ ማንበብ ግን ትዕግሥት ይጨርሳል።
• ምንጭ መመዝገቢያ። ደብተር፣ ኤክሴል ወይም ዞቴሮ። ዞቴሮ ምንጭ የሚያስቀምጥና ዋቢ ዝርዝር የሚያወጣ ነጻ ፕሮግራም ነው። ምንጫችሁ ከአምስት የማይበልጥ ከሆነ ደብተር ይበቃል።
• ጊዜ። ፍለጋውና ንባቡ ከመጻፉ በላይ ይወስዳል። ይህን አስባችሁ ጀምሩ።

ደረጃ 1፦ ርዕሱን ጥያቄ አድርጉት

«ስልክና ትምህርት» ርዕስ ነው። ፍለጋ ላይ ስታስገቡት መዓት ነገር ያወጣል፣ ከየትኛው እንደምትጀምሩ ግን አታውቁም። «የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ስልክ ሲከለክሉ የተማሪዎች የፈተና ውጤት ይሻሻላል ወይ?» የሚለው ግን ጥያቄ ነው። በማን ላይ? በሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች። ምን ተደረገ? ስልክ ተከለከለ። ምን ተለካ? የፈተና ውጤት።

ይህ ለምን ይጠቅማል? ጥያቄ ያለው ሰው አንድ ምንጭ ሲያገኝ ይሆነኛል ወይስ አይሆነኝም የሚለውን ቶሎ ይወስናል። ርዕስ ብቻ የያዘ ሰው ሁሉም የሚሆነው ይመስለዋል። ፎልደሩ በፒዲኤፍ ይሞላል፣ የተነበበ ግን አይኖርም።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ጥያቄው መልሱን ይዞ እንዳይመጣ። «ስልክ የተማሪን ውጤት እንዴት ያበላሻል?» ብላችሁ ከተነሳችሁ የምታገኙት ያበላሻል የሚሉትን ብቻ ነው። ሌላው ወገን እንዳለም ሳታውቁ ትጨርሳላችሁ።

ደረጃ 2፦ የትኛው ምንጭ ለምን እንደሚሆን ለዩ

ቀዳማይ ምንጭ የሚባለው ከነገሩ በቀጥታ የመጣው ነው። እናንተ ያደረጋችሁት ቃለ መጠይቅ፣ የሕግ ሰነድ፣ ደብዳቤ፣ ጥሬ አሃዝ፣ ተመራማሪው ራሱ የሠራውን ጥናት የሚያቀርብበት የጆርናል ጽሑፍ እዚህ ይገባሉ። ካልዓይ ምንጭ ደግሞ ሌላው የሠራውን ሰብስቦ የሚተረጉም ነው፤ መማሪያ መጽሐፍ፣ የሕይወት ታሪክ፣ ሪቪው የሚባለው የክለሳ ጽሑፍ። ኢንሳይክሎፒዲያና መዝገበ ቃላት ከሁለቱም የተጨመቁ ናቸው።

ምደባው ግን ከምንጩ ጋር ተወልዶ የሚቀር ነገር አይደለም። እንደ ጥያቄያችሁ ይቀያየራል። ጋዜጣ ላይ የወጣ «ስልክ ይከልከል» የሚል አስተያየት ክልከላው ውጤት ያሻሽላል ለማለት ማስረጃ አይሆንም። ጥያቄያችሁ «ጋዜጦች ስለ ክልከላው ምን ጻፉ?» ከሆነ ግን ያው ጽሑፍ ቀዳማይ ምንጫችሁ ነው። ይህን የማይለዩ ተማሪዎች ጋዜጣን ሙሉ በሙሉ ይጥላሉ፣ ወይም እንደ ጥናት ይጠቅሱታል።

በሥራቸው ስናያቸው እንዲህ ነው፦

• ስለ ነገሩ ምንም የማታውቁ ከሆነ፦ ኢንሳይክሎፒዲያ ወይም መማሪያ መጽሐፍ። ቃላቱን ታውቃላችሁ፣ ከዚያ ትወጣላችሁ።
• ማስረጃ ስትፈልጉ፦ በአቻ ባለሙያዎች የተገመገመ የጆርናል ጽሑፍ።
• እስከ ዛሬ የተጠናው በአንድ ላይ ሲታይ ምን ይላል ስትሉ፦ የክለሳ ጽሑፍ። ካገኛችሁ ብዙ ድካም ይቀንስላችኋል።
• አሃዝ ስትፈልጉ፦ አሃዙን የሰበሰበው ተቋም ራሱ። የዓለም ባንክ፣ ዩኔስኮ፣ የዓለም ጤና ድርጅት መረጃቸውን በነጻ ይለቃሉ።
• ሕግ ወይም መመሪያ ስትጠቅሱ፦ ሰነዱ ራሱ። ስለ ሰነዱ የተጻፈ ዜና አይተካውም።
• ጉዳዩ በቅርቡ የተፈጠረ ከሆነ፦ ጋዜጣና መጽሔት፤ ጥናት ገና አልደረሰበትምና።
• ሰፊ ሐሳብና ንድፈ ሐሳብ ሲሆን፦ መጽሐፍ።

የሌላ ተማሪ መመረቂያ ጽሑፍስ? እንደ መንገድ ጠቋሚ ግሩም ነው፤ በተለይ ዋቢ ዝርዝሩ። ዋና ማስረጃ ለማድረግ ግን አማካሪያችሁን ጠይቁ።

ደረጃ 3፦ የፍለጋ ቃላት አዘጋጁ

ወረቀት ላይ ሦስት ዓምድ አስምሩ። በአንደኛው ስልክ፣ ሞባይል፣ ስማርት ስልክ። በሁለተኛው ክልከላ፣ እገዳ፣ የትምህርት ቤት ፖሊሲ። በሦስተኛው ውጤት፣ ፈተና፣ የትምህርት አፈጻጸም። ከዚያ ከየዓምዱ አንድ አንድ እየወሰዳችሁ እያቀያየራችሁ ፈልጉ። ተመራማሪው እናንተ ባሰባችሁት ቃል ላይጽፍ ይችላል። አንድ ቃል ብቻ ሞክሮ «ምንም የለም» ማለት የተለመደ ነው፤ ነገሩ ግን በሌላ ስም ተቀምጦ ይሆናል።

አብዛኛው የጆርናል ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ስለሆነ የቃላቱን አቻ በእንግሊዝኛም ያዙ። በአማርኛ ስትፈልጉ ደግሞ ፊደል ቀያይሩ። «ጽሑፍ» ብሎ የጻፈም «ፅሁፍ» ብሎ የጻፈም አለ። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ። ብዙ የላይብረሪ ካታሎጎች እነዚህን እንደ አንድ አይቆጥሯቸውም። መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ ቁጭ ብሎ ኮምፒውተሩ «የለም» ሊላችሁ ይችላል።

ጥቂት ዘዴዎች፦ ሁለት ሦስት ቃል አንድ ላይ እንዲገኝ ከፈለጋችሁ በትምህርተ ጥቅስ ክበቡት። የማትፈልጉት ነገር እየመጣ ካስቸገረ ከቃሉ ፊት የመቀነስ ምልክት አድርጉ። ዓመቱን ደግሞ ከጎን ባለው ማጣሪያ ወስኑ።

ደረጃ 4፦ ትክክለኛው ቦታ ላይ ፈልጉ

መጀመሪያ ላይብረሪያችሁ። ካታሎጉ ብቻ ሳይሆን ላይብረሪያኑም። ጥያቄያችሁን ጽፋችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ «ስለ ስልክ የሆነ ነገር» ከማለት ያ ወረቀት በጣም ይሻላል። ሥራቸው ይህ ሆኖ ሳለ የሚጠይቃቸው ተማሪ ጥቂት ነው።

ቀጥሎ ጉግል ስኮላር። ከተራው ጉግል የሚለየው በዋናነት ጥናታዊ ጽሑፎችንና መጻሕፍትን መፈለጉ ነው። ሁለት ነገር እወቁበት። አንደኛ፣ ብዙ የተጠቀሱ ጽሑፎችን ወደ ላይ ስለሚያወጣ የቆዩት ይቀድማሉ፤ አዲሱን ለማየት በዓመት አጣሩ። ሁለተኛ፣ ጥራት አይመዝንላችሁም። እዚያ መገኘቱ ብቻ ጽሑፉን ታማኝ አያደርገውም።

ከዚያ የየሙያው ማኅደር። ለጤና ፐብሜድ (PubMed)፣ ለትምህርት ኤሪክ (ERIC)፣ ለታሪክና ለሥነ ጽሑፍ ጄስቶር (JSTOR)፣ ለፊዚክስ፣ ለሒሳብና ለኮምፒውተር አርካይቭ (arXiv)። ሁሉም ሰው በነጻ የሚያነባቸውን ጆርናሎች በየዘርፉ የሚዘረዝር ዶጅ (DOAJ) የሚባል ማውጫም አለ። የእኛን ርዕስ ኤሪክ ላይ መፈለግ ያዋጣል፤ የትምህርት ጉዳይ ነውና ከሌላው ዘርፍ የሚመጣው ግርግር ይቀንሳል።

ደረጃ 5፦ አንድ ጥሩ ጽሑፍ ካገኛችሁ ፍለጋውን አቁሙና እሱን ተከተሉ

ከሁሉም ደረጃ ይህን ብትይዙልኝ ደስ ይለኛል። እየደጋገሙ መፈለግ ያደክማል። አንድ ሁነኛ ጽሑፍ ሲገኝ ግን እንደ ክር ጫፍ ነው፤ ስትስቡት ሌላው ይከተላል። የሚሳበውም በሁለት አቅጣጫ ነው።

ወደ ኋላ፦ የጽሑፉን ዋቢ ዝርዝር አንብቡ። ደራሲው በማን ላይ ቆሞ እንደጻፈ ይታያል። በሦስት አራት ጽሑፎች ዋቢ ውስጥ የሚደጋገም ስም ካለ የዘርፉ መሠረታዊ ሥራ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ፈልጋችሁ አንብቡት።

ወደ ፊት፦ ጉግል ስኮላር ላይ ከእያንዳንዱ ውጤት ሥር ስንት ሰው እንደጠቀሰው የሚያሳይ ቁጥር ያለው ሊንክ አለ። እሱን ስትጫኑ ከዚያ በኋላ ያንን ጽሑፍ ጠቅሰው የጻፉ ሁሉ ይዘረዘራሉ። ዋቢ ዝርዝር ወደ ኋላ ብቻ ነው የሚያሳየው። የሚቃወመውን፣ የሚያርመውን፣ የሚያሻሽለውን የምታገኙት ግን ወደ ፊት ስትሄዱ ነው።

በእኛ ርዕስ እንየው። ስለ ስልክ ክልከላ ስትፈልጉ ከምታገኟቸው አንዱ ሉዊ ፊሊፕ ቤላንድና ሪቻርድ መርፊ በ2016 ያሳተሙት ጥናት ነው። በአራት የእንግሊዝ ከተሞች ያሉ ትምህርት ቤቶችን አይተው ስልክ ከተከለከለ በኋላ የፈተና ውጤት እንደተሻሻለ ጽፈዋል። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ «አገኘሁ!» ብሎ ይቆማል። እናንተ ግን የጠቃሾቹን ቁጥር ተጫኑ። በ2020 የታተመ የኬሰልና የባልደረቦቹ ጥናት ይመጣል። ተመሳሳዩን ጥያቄ ይዘው ወደ ስዊድን ሄዱ። በውጤት ላይ ለውጥ አላገኙም።

አንዷ ሊንክ ጽሑፋችሁን ከ«ይጠቅማል» ወደ «የት ነው የጠቀመው፣ የትስ አልጠቀመም?» አሻገረችው። መምህር የሚፈልገው ሁለተኛውን ነው።

ደረጃ 6፦ ክፍያ ሲጠይቃችሁ

አትክፈሉ፤ መጀመሪያ እነዚህን ሞክሩ። ጉግል ስኮላር ላይ «ሁሉም ቅጂዎች» (All versions) የሚለውን ሊንክ ክፈቱ፤ ደራሲው በዩኒቨርሲቲው ገጽ ላይ በነጻ አስቀምጦት ይሆናል። አንፔይዎል (Unpaywall) የሚባለውን ነጻ መሣሪያ ብራውዘራችሁ ላይ ጫኑ፤ ሕጋዊ ነጻ ቅጂ ካለ ይጠቁማችኋል። ላይብረሪያችሁን ጠይቁ። ይህ ሁሉ ካልሆነ ለደራሲው ኢሜይል ጻፉ። አድራሻው ብዙ ጊዜ ጽሑፉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አለ። ሥራቸው ሲነበብ የሚደሰቱ ተመራማሪዎች ብዙ ናቸው።

አብስትራክቱን፣ ማለትም ጽሑፉ መጀመሪያ ላይ ያለውን አጭር ማጠቃለያ፣ ብቻ አንብቦ ሙሉውን እንዳነበቡ መጥቀስ ግን መፍትሔ አይደለም። አብስትራክት ውስጥ «ግን» እና «ነገር ግን» የሚሉት ብዙ ጊዜ ይጎድላሉ።

ደረጃ 7፦ ምንጩን መዝኑ

ገጹ ላይ ተቀምጣችሁ «እምነት የሚጣልበት ይመስላል» አትበሉ። ዲዛይን ማንም ያሳምራል። ከገጹ ውጡ። ሌላ ታብ ክፈቱና ስለ ጸሐፊው፣ ስለ ጆርናሉ፣ ስለ ድርጅቱ ሌሎች ምን እንደሚሉ ፈልጉ። መረጃ በማጣራት ሙያ የሚተዳደሩ ሰዎች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

የምትጠይቋቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው፦

ማን ጻፈው? በዚህ ጉዳይ ላይ ሠርቶ ያውቃል? ማዕረግ ብቻውን አይበቃም። የልብ ሐኪም ስለ ትምህርት ፖሊሲ ሲጽፍ እንደ ማንኛውም ሰው ነው።

የት ወጣ? ገምጋሚ ያለው ጆርናል ነው? ገንዘብ ተቀብለው ያለ ግምገማ የሚያሳትሙ ጆርናሎች አሉ። ምልክታቸው፦ በጥቂት ቀን ውስጥ እናሳትማለን ይላሉ፣ ከሕክምና እስከ ሥነ ጽሑፍ ሁሉንም ይቀበላሉ፣ የአዘጋጆቹ ማንነት ሲፈለግ አይገኝም። ቅድመ ኅትመት የሚባሉ ጽሑፎችም አሉ፤ አርካይቭ ላይ ያሉት ለዚህ ምሳሌ ናቸው። መጥቀስ ይቻላል። ግን ገና ግምገማ እንዳላለፈ ጻፉ፣ በኋላ በጆርናል ወጥቶም እንደሆነ አረጋግጡ።

መቼ ወጣ? ስለ ስልክ የሚያወራ የ2005 ጽሑፍ ዛሬ ስለምናውቀው ስማርት ስልክ አያወራም። በታሪክ ጥናት ግን የሃምሳ ዓመት መጽሐፍ ዋና ምንጭ ሊሆን ይችላል። «ከአምስት ዓመት ወዲህ ብቻ» የሚል ሕግ ለሁሉም ዘርፍ አይሠራም።

ማን ከፈለበት? አብዛኛውን ጊዜ ጽሑፉ መጨረሻ ላይ የገንዘብ ድጋፉ ምንጭ ይጻፋል። በስልክ አምራች ገንዘብ የተሠራ ጥናት የግድ ውሸት አይደለም። አንባቢው ግን ማወቅ አለበት።

ተሰርዟል ወይ? ይህን የሚያይ ተማሪ ብርቅ ነው። የታተመ ጥናት ስሕተት ወይም ማጭበርበር ሲገኝበት ጆርናሉ ይሰርዘዋል፤ ጽሑፉ ግን ኢንተርኔት ላይ ይኖራል። አንድሩ ዌክፊልድና ባልደረቦቹ በ1998 ላንሴት በሚባለው የሕክምና ጆርናል ላይ ያወጡትና ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘው ጽሑፍ የታወቀ ምሳሌ ነው። በ12 ልጆች ላይ ብቻ የተመሠረተ ነበር። ጆርናሉ በ2010 ሰርዞታል። ዛሬም ግን እንደ ማስረጃ የሚያነሳው አለ። ዘዴው ቀላል ነው፤ ሌላ ቦታ ያገኛችሁትን ፒዲኤፍ ብቻ አትመኑ፣ የጆርናሉን ገጽ ራሱ ክፈቱ። የተሰረዘ ከሆነ እዚያ ላይ በግልጽ ይጻፋል።

ደረጃ 8፦ የገጹን ቅደም ተከተል ትታችሁ አንብቡ

የጆርናል ጽሑፍ እንደ ልቦለድ ከመጀመሪያው ገጽ ተጀምሮ አይነበብም። መጀመሪያ አብስትራክቱን፣ ቀጥሎ መደምደሚያውን፣ ከዚያ ሠንጠረዦቹን። እዚህ ድረስ የማይጠቅም ከሆነ ተዉት፤ ጊዜያችሁን አትርፋችኋል። የሚጠቅም ከሆነ ወደ አሠራሩ ክፍል ግቡና በደንብ አንብቡት። ስንት ሰው ተጠና? እነማን ናቸው? ምን ተለካ? በምን ተለካ?

አሠራሩን መዝለል ምን እንደሚያስከትል ከምሳሌያችን ይታያል። ስለ ቤላንድና መርፊ ጥናት በዜና ጎልቶ የወጣው ክልከላው በትምህርት ዘመኑ ላይ አንድ ሳምንት እንደመጨመር ነው የሚለው ነበር። ጥናቱን ስትከፍቱ ግን ጥቅሙ ለሁሉም እኩል እንዳልነበረ ታያላችሁ። የተሻሻለው በዋናነት የዝቅተኛ ውጤት ተማሪዎች ውጤት ነው። ከፍተኛ ውጤት በነበራቸው ላይ ለውጥ አልታየም። ዜናውን ብቻ የጠቀሰ ሰው «ለተማሪዎች በሙሉ ይጠቅማል» ብሎ ይጽፋል። ጥናቱ ግን እንዲህ አላለም።

ደረጃ 9፦ ማስታወሻ ስትይዙ ሦስት ነገር ለዩ

ቃል በቃል የገለበጣችሁትን በትምህርተ ጥቅስ አስገቡ። በራሳችሁ አባባል የጻፋችሁትን ያለ ጥቅስ ጻፉ። የራሳችሁን ሐሳብ ደግሞ በሌላ ቀለም፣ ወይም «እኔ፦» ብላችሁ ለዩት። ከራሳችሁ ሐሳብ በስተቀር ለሁለቱ የገጽ ቁጥር ጻፉ።

ለምን ይህን ያህል መጨነቅ? ከሁለት ሳምንት በኋላ ማስታወሻችሁን ስትከፍቱ የማንን ቃል እንደምታነቡ አታስታውሱም። አንዳንድ ኩረጃ የሚፈጠረው ታስቦበት ሳይሆን እንዲህ ነው። መምህሩ ግን ሐሳባችሁን ሳይሆን ወረቀቱን ነው የሚያየው።

ደረጃ 10፦ ምንጩን ጽሑፋችሁ ውስጥ አስገቡ

ብዙ ጽሑፍ የሚበላሸው እዚህ ነው። ምንጩ ጥሩ ሆኖ ሳለ «እከሌ እንዲህ አለ፣ እከሊት እንዲህ አለች» እየተባለ ይደረደራል። ይህን ተመልከቱ፦

«ቤላንድና መርፊ (2016) ስልክ መከልከል ውጤት ያሻሽላል ብለዋል። ኬሰል እና ሌሎች (2020) ውጤት አያሻሽልም ብለዋል።»

ስሕተት የለበትም። ግን የናንተ ድምፅ የታለ? አሁን ደግሞ ይህን፦

«ስልክ መከልከል በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ለውጥ አያመጣም። በእንግሊዝ በተደረገ ጥናት ክልከላው ዝቅተኛ ውጤት የነበራቸውን ተማሪዎች ጠቅሟል (ቤላንድና መርፊ፣ 2016)። ይኸው ጥያቄ በስዊድን ሲፈተሽ ግን ለውጥ አልታየም (ኬሰል እና ሌሎች፣ 2020)። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ክልከላው የትኛውን ተማሪ፣ በምን ሁኔታ ይጠቅማል የሚለው ነው።»

አንቀጹን የሚከፍተውም የሚዘጋውም የጸሐፊው ሐሳብ ነው። ምንጮቹ መሀል ገብተው ሥራቸውን ሠሩ። አንቀጽ ስትጽፉ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ለሌላ ሰው አትስጡ።

በራስ አባባል መጻፍ ማለት ቃል መቀያየር አይደለም። ምንጩ «የክልከላው ስኬት የሚወሰነው በመመሪያው ጥብቅነት ሳይሆን መምህራን በሚያስፈጽሙበት መጠን ነው» ይላል እንበል። «የክልከላው ውጤታማነት የሚለካው በመመሪያው ጥንካሬ ሳይሆን በመምህራን የማስፈጸም መጠን ነው» ብትሉ ምንጩን ብትጠቅሱም እንደ ኩረጃ ሊቆጠር ይችላል፤ አጥንቱ የሌላ ሰው ነውና። ምንጩን ዝጉት። ለጓደኛችሁ የምታስረዱ ይመስል ጻፉ፦ «መምህራን በተግባር ካልተከታተሉት ጠንካራ መመሪያ ብቻውን ለውጥ አያመጣም።» ከዚያ ምንጩን ጥቀሱ፣ ተመልሳችሁም ትርጉሙ እንዳልተዛባ አረጋግጡ። ቀጥተኛ ጥቅስ የምትጠቀሙት አባባሉ ራሱ ሲያስፈልጋችሁ ነው፦ የሕግ አንቀጽ፣ ግጥም፣ ትርጓሜ፣ የምትከራከሩበት ንግግር።

ሌላው ጉዳይ ያላያችሁትን ምንጭ መጥቀስ ነው። «93 በመቶው የሰው ልጅ ግንኙነት ከቃል ውጭ ነው» የሚለውን ሰምታችሁ ይሆናል። አሃዙ ሲመዘዝ የሚያደርሰው አልበርት ሜህራቢያን በ1967 ከባልደረቦቹ ጋር ወዳወጣቸው ሁለት ጥናቶች ነው። እነሱ ደግሞ የመረመሩት ሰዎች ስሜትንና አመለካከትን እንዴት እንደሚረዱ እንጂ ግንኙነትን ሁሉ አልነበረም። አንዱ ከሌላው እየገለበጠ አሃዙ ከቦታው ወጣ። ስለዚህ አሃዝ ስትጠቅሱ እስከ መነሻው ሂዱ። መነሻውን ማግኘት ካልቻላችሁ ደግሞ ያነበባችሁትን ሰው «በእከሌ እንደተጠቀሰው» ብላችሁ አስቀምጡ።

ደረጃ 11፦ ዋቢ ዝርዝሩን አጣሩ

ጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሰ ሁሉ ዝርዝሩ ላይ አለ? ዝርዝሩ ላይ ያለስ ሁሉ ጽሑፉ ውስጥ ተጠቅሷል? አንድ በአንድ ምልክት እያደረጋችሁ አስተያዩ። የጆርናል ጽሑፍ ዲኦአይ የሚባል መለያ ካለው ጨምሩት፤ በ10 እና በነጥብ የሚጀምረው ቁጥር ነው። የድረ ገጽ ሊንክ ሊጠፋ ይችላል፣ ዲኦአይ ግን ጽሑፉ ቦታ ቢቀይርም እንዲከተለው የተሠራ ነው። ዞቴሮ ያወጣላችሁን ዝርዝርም በዓይናችሁ እዩት፤ ስምና የአባት ስም ማገለባበጥ ይወዳል። የዓመት አቆጣጠር ሁለት ዓይነት ከሆነባችሁ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. እያላችሁ ለዩ።

ማስጠንቀቂያ

ቻትጂፒቲንና መሰሎቹን ምንጭ አምጣልኝ አትበሏቸው፤ ካላችሁም እያንዳንዱን ከፍታችሁ ሳታዩ አትጠቀሙ። የሌለ ጽሑፍ፣ ከነደራሲው፣ ከነገጽ ቁጥሩ፣ እውነተኛ አስመስለው ሊፈጥሩ ይችላሉ። በ2023 ኒው ዮርክ ውስጥ ጠበቆች በዚህ መንገድ የተፈጠሩ የፍርድ ቤት ውሳኔዎችን ጠቅሰው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። የፍለጋ ቃል እንዲጠቁሟችሁ ብትጠይቋቸው ግን ጥሩ ይረዳሉ። የተቋማችሁን ሕግም አስቀድማችሁ አንብቡ።

ዊኪፒዲያን አትፍሩ፣ አትጥቀሱም። ገብታችሁ አንብቡና ወደ ታች ውረዱ፤ ሥሩ ያሉትን ምንጮች ራሳችሁ ክፈቱ።

ቃለ መጠይቅ ካደረጋችሁ ከመቅዳታችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ። ስሙ ይጻፍ ወይስ አይጻፍ የሚለውን የሚወስነው ተጠያቂው ነው።

በብዛት የማያቸው ስሕተቶች

• ከሐሳባቸው ጋር የሚስማማውን ብቻ መልቀም። ቢያንስ አንድ የሚቃወም ምንጭ ፈልጉ። መልስ ከሰጣችሁት ጽሑፉ ይጠነክራል።
• ዝርዝር ለማስረዘም ያልተነበበ መጽሐፍ መጨመር። «እስቲ ስለዚህኛው ንገረኝ» የሚል አንድ ጥያቄ ያጋልጣል።
• አብሮ መከሰትን እንደ ምክንያት መውሰድ። ብዙ ስልክ የሚነኩ ተማሪዎች ዝቅተኛ ውጤት አላቸው ማለት ስልኩ አመጣው ማለት አይደለም። የሰለቸው ተማሪም ስልክ ያነሳል።
• አንድ ምንጭ ላይ ተኝቶ ሙሉ ገጽ መጻፍ። ያ ማጠቃለያ ነው፣ ጥናት አይደለም።
• የድረ ገጹን አድራሻ ብቻ መለጠፍ። ደራሲ፣ ርዕስ፣ ዓመት፣ ያያችሁበት ቀን ይጻፍ።
• ፒዲኤፉን በመጣበት ስም መተው። በወረደበት ደቂቃ በደራሲ፣ በዓመትና በርዕስ ስሙን ቀይሩት፦ «ቤላንድ 2016 ስልክ ክልከላ»። ካለበለዚያ በማስረከቢያው ዋዜማ ሌሊት ስማቸው ቁጥር ብቻ የሆኑ ፋይሎችን አንድ በአንድ ስትከፍቱ ታድራላችሁ።